«ወራጅ አለ!» ለማይሰማ ሞተር

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቦሌ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ወደ አንደኛ ፎቅ በሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ አንዲት እናት ቆመዋል። የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፤ የነጠላቸውን አንድ ጫፍ ወደ ኋላ ለቀውታል። ደረጃው ሊያልቅ ሁለት ሦስት እርከን ሲቀረው የነጠላው ዘርፍ ከላይኛው ብረት ጥርስ መሀል ገባ። ልጃቸው ነጠላውን ትስባለች፤ ደረጃው ግን ከእሷ ይበልጥ ይስባል። የጥበቃ ሠራተኛው እየሮጠ መጣና «አጥፉት! አጥፉት!» ይላል። ማንን እንደሚያዝ አይታወቅም። እኔም ከታች ቆሜ «ኧረ አጥፉት» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ። በመጨረሻ አሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላው አንድ ልጅ ጎንበስ አለና ከመደገፊያው ግርጌ፣ ከጉልበት በታች ያለች ቀይ ቁልፍ ተጫነ። ደረጃው ቀጥ አለ። ጉዳቱ ስንዝር በማትሞላ የነጠላ ቅዳጅ አለፈ።

ያቺ ቀይ ቁልፍ ሕንፃው ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ነበረች። እኔ በአጠገቧ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ አላውቅም። አይቻትም አላውቅም። ስለ ሞተር ማብሪያ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለ ማጥፊያው የምናስበው ግን ነጠላ ሲያዝ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በቦሌና በምሥራቁ የከተማችን ክፍል በሄድኩበት ሁሉ ዓይኔ ማጥፊያ ፍለጋ ይዞራል። ይህ ቅኝት የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው።

አዲስ አበባ ሞተርን በድምፅ ማስቆም የለመደች ከተማ ናት። ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ረዳቱ ተቀብሎ ያስተጋባል ወይም የመኪናውን አካል በመዳፉ ይመታል፤ ሹፌሩ ሰምቶ ፍሬን ይይዛል። አሸዋ የጫነ መኪና ሲኤምሲ አካባቢ በጠባብ በር ወደ ኋላ ሲገባም ከኋላ የቆመው ሰው «ና፣ ና፣ ና... በቃ!» ብሎ ያስቆመዋል። በሁለቱም ዘንድ የማስቆሚያው መሣሪያ የሰው ጆሮ ነው። በተናጋሪው አፍና በፍሬኑ መሀል የሚሰማ ሰው እስካለ ድረስ ነገሩ ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው ሰሚው ሰው ከመሀል ሲወጣ ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሹፌር የለውም። የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ ረዳት የለውም።

ሞተር ወደ አገራችን የገባው በእንፋሎት ነው፤ «ባቡር» የሚለው ቃል ራሱ ከእንፋሎት የፈረንጅኛ ስም የመጣ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጡት በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተባለ። በሞተር የሚዞረው ወፍጮም በብዙ ገጠር እስከ ዛሬ «ባቡር» ነው። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። የመኪናችንን ቋንቋ ልብ ብሎ ለሰማው ደግሞ ማን ምን እንዳመጣ ይናገራል፦ «ፍሬን» ወደ ፈረንሳይኛው ይጠጋል፤ ወፍጮውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው «ቺንጋ» የጣሊያን ነው፤ ግድግዳችን ላይ ያለው «ብሬከር» ከእንግሊዝኛ መጣ።

ወፍጮ ቤት ቆም ብሎ ያየ ሰው ስለ ማጥፋት ብዙ ይማራል። ጎሮና አያት አካባቢ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት አይጠፋም። ባለ ወፍጮው ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ ይቆማል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከኋላው ግድግዳው ላይ ነው፤ እሱም ዱቄት ለብሷል። ማጥፊያውን ሲጫነው የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ይለወጣል፤ ድንጋዩ ግን አይቆምም። ቺንጋው እየተርገበገበ፣ ድንጋዩ በራሱ ክብደት እየዞረ ለጥቂት ጊዜ ይቀጥላል። ማጥፋትና ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዓለም አቀፉ የማሽን ደረጃም ይህን ይለያል፦ በአንዳንዱ ማሽን ላይ ኤሌክትሪኩ ወዲያው ይቆረጣል፤ ተቆርጦም መዞሩ አደገኛ በሆነው ላይ ግን ኃይሉ መጀመሪያ ለፍሬን ይውላል፤ ማሽኑ ሲቆም ይቆረጣል።

ጉልበት ያለው ሞተር በድምፅ እንደማይቆም ዓለም ቀድሞ የተማረው በባቡርና በአሳንሰር ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1869 በአየር ግፊት የሚሠራ የባቡር ፍሬን የፈጠራ መብት ወሰደ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ አሻሻለው። የማሻሻያው ብልሃት ነገሩን መገልበጡ ላይ ነበር። የታመቀው አየር ፍሬኑን ከፍቶ እንዲይዝ አደረገ፤ ስለዚህ ቱቦው ቢበጠስ፣ ፉርጎው ቢላቀቅ፣ አየሩ ሲያልቅ ባቡሩ በራሱ ፍሬን ይይዛል። ብልሽት ራሱ አስቁም የሚል ትእዛዝ ሆነ። ያም ሆኖ ፍሬን መኖሩና ፍሬን በጊዜው መያዙ አንድ አይደለም። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ በድልድይ ላይ ያለ ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የደረሰው ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞተ።

አሳንሰርን ደግሞ ሰው እንዲያምነው ያደረገው ኤሊሻ ኦቲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ላይ ሕዝብ እያየ ከፍ ብሎ በተሰቀለ መድረክ ላይ ቆመና የያዘውን ገመድ አስቆረጠ። መድረኩ ጥቂት ወርዶ ጥርሱን ነክሶ ቆመ። ያ ባይሆን ኖሮ ከቦሌ ድልድይ እስከ አየር ማረፊያው የተደረደሩት ፎቆች ከአምስተኛው በላይ ተከራይ ባላገኙ ነበር። ተንቀሳቃሹ ደረጃ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጄሲ ሬኖ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1896 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮኒ አይላንድ በሚባለው መዝናኛ ለሕዝብ አቀረበው።

ወደ ቀይዋ ቁልፍ እንመለስ። በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ በአይሶ 13850፣ ቀይ ቁልፍ በቢጫ መደብ ላይ ይቀመጣል። ጫፏ እንደ እንጉዳይ ሰፋ ያለ ነው፤ በድንጋጤ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ክርን፣ ቢያስፈልግ ጉልበት እንዳይስታት። አንዴ ከተጫኗት ገብታ ትቀራለች፤ ብቅ የምትለው ሲያዞሯት ወይም ሲስቧት ነው። ብቅ አለች ማለት ግን ማሽኑ ይነሳል ማለት አይደለም፤ ለማስነሳት ሌላ ቁልፍ መጫን አለበት። ውስጧን ከፍተው ቢያዩ የዌስቲንግሃውስን ብልሃት ያገኙታል። በተለመደው ጊዜ ኤሌክትሪክ በቁልፏ ውስጥ ያልፋል፤ መጫን ማለት ያንን መንገድ መቁረጥ ነው። አይጥ ሽቦዋን ብትበላው ማሽኑ ይቆማል እንጂ ሳይታወቅ አይሄድም።

አሁን ወደ ውኃው እንግባ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰዎችን ከእንጦጦ ቁልቁል የሳባቸው ሙቅ ውኃ ነበረ፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃን ወደዷት፣ ከተማዋም ከዚያ ተወለደች። ፍልውኃ ያለ ሞተር የፈላች ናት፤ የምታሞቃት መሬት፣ የምትገፋት መሬት። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈና ቦሌ የራሷን ሙቅ ውኃ በሞተር አበጀች፦ ሆቴሎቹ ጣሪያ ላይ መዋኛ፣ ምድር ቤት ስፓና ጃኩዚ።

ጃኩዚ የሰው ስም ነው። ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ሰባት ወንድማማቾች መጀመሪያ ይሠሩ የነበረው የአውሮፕላን ፕሮፔለር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ከወንድማማቾቹ አንዱ ሲሞት ሰማዩን ትተው ወደ ውኃ ፓምፕ ዞሩ። በኋላም ከወንድማማቾቹ አንዱ ካንዲዶ፣ መገጣጠሚያው ለሚታመም ልጁ መታጠቢያ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሠራ፤ በ1968 የቤተሰቡ ተወላጅ ሮይ ፓምፑን ከገንዳው ጋር አንድ አድርጎ ለገበያ አወጣ። አውሮፕላን ሲያርፍ በሚሰማበት በቦሌ ጃኩዚ ውስጥ የተቀመጠ ሰው የፕሮፔለር ሠሪዎችን ሥራ እየተንተራሰ ነው።

ፓምፑ ውኃ ሲገፋ ይታያል፤ አረፋው እሱ ነው። ሲስብ ግን አይታይም። የሚስበው ከገንዳው ወለል ወይም ጎን ባለ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳው ክዳን አለው። ክዳኑ ከተሰበረ ወይም ከወለቀ፣ የሰው ገላ ቀዳዳውን ሲደፍነው ፓምፑ መሳቡን አያቆምም። ሒሳቡን በቦሌ አየር እንሥራው። የቦሌ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፓምፑ የዚህን ግፊት ግማሽ ያህል ብቻ ሳበ እንበል። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 120 ኪሎ ይጠጋል፤ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ይበልጣል። አንዲት እናት ከውኃ ውስጥ ኩንታል በአንድ እጇ እያነሳች፣ በሌላው ልጇን መሳብ አትችልም። ፀጉር ከገባ ደግሞ ስፋትም አያስፈልግም፤ ይጠመጠማል።

ይህ በወረቀት የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ቨርጂኒያ ግሬም ቤከር የተባለች የሰባት ዓመት ልጅ በሙቅ ገንዳ መሳቢያ ተይዛ ሞተች። የቀድሞው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ቤከር የልጅ ልጅ ነበረች። እናቷ ልትጎትታት ሞክራ አልቻለችም። በስሟ የተሰየመው ሕግ በታኅሣሥ 2007 ተፈርሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ሕጉ ገላን የማያስይዝ ክዳን ግድ አደረገ፤ አንድ መሳቢያ ብቻ ላላቸው የሕዝብ ገንዳዎች ደግሞ ተጨማሪ መከላከያ ጠየቀ፤ ለምሳሌ መሳቡ ድንገት ሲበረታ አውቆ ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ። ሁለት መሳቢያ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው ከተሠሩ አንድ ገላ ሁለቱንም አይደፍንም።

የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ደግሞ ለሕዝብ አገልግሎት ለሚውል ሙቅ ገንዳ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ እንዲኖር ያዛል። ቦታውንም ወስኗል፦ ከገንዳው ቢያንስ 1.5 ሜትር ይርቃል፤ ከገንዳው ግን ይታያል። የራቀው ውኃ ውስጥ ያለ ሰው በእርጥብ እጁ እንዳይነካው ነው። የሚታየውም ዳር የቆመ ሰው ሳይጠይቅ እንዲያገኘው ነው። ከጥበቃ ቤት ጀርባ በቁልፍ የተቆለፈ ፓናል ውስጥ ያለ ብሬከር ይህንን አያሟላም፤ ቁልፉ ያለበትን ሰው ስልክ እስክንደውል ሁሉም ነገር ያልፋል።

ውኃና ኤሌክትሪክ ሲገናኙ የሚመጣው ሌላ አደጋ ማንም ሳይጫነው የሚቆርጥ ማጥፊያ ይፈልጋል። በካሊፎርኒያ በርክሌይ የነበረው ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ሠራ፦ ወደ ዕቃው የሄደው ኤሌክትሪክ ሁሉ በሌላው ሽቦ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ መንገድ ስቷል፤ የሳተው ምናልባት በሰው ገላ በኩል ነው። እኛ በምንጠቀምበት የ220 ቮልት ዓለም ለሰው ጥበቃ የተለመደው መጠን 30 ሚሊ አምፔር ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሲደርስ መሣሪያው በቅጽበት ይቆርጣል። ተራው ብሬከር ይህንን አያደርግም። እሱ የተሠራው ሽቦውን ከመቃጠል ለማዳን ነው፤ ሰው ለመግደል ከሚበቃው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ያለ ሐሳብ ያሳልፋል።

ከቦሌ ሰው የጀልባ ነገር ምን ይፈልጋል የሚል አይጠፋም። ቅዳሜና እሑድ በፍጥነት መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ የሚጎርፈውን መኪና ይቁጠር። ባቦጋያና ኩሪፍቱ ለቦሌ ሰው የጓሮ ውኃ ያህል ናቸው። ባሕር ዳር የሄደ ደግሞ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገረው በሞተር ጀልባ ነው። ከጎኑ ደንገል ታንኳ ያልፋል። የታንኳው ቀዛፊ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ታንኳው አጠገቡ ይጠብቀዋል። የሞተር ጀልባ ነጂ ቢወድቅ ግን ጀልባው ጥሎት ይሄዳል፤ አልያም መሪው ወደ አንድ ጎን ተጠምዞ እየዞረ ይመለስበታል። ሦስት ቅጠል ያለው ፕሮፔለር በደቂቃ 3,200 ጊዜ ሲዞር በአንድ ሴኮንድ 160 ጊዜ ይመታል።

መድኃኒቱ አንዲት ገመድ ናት። አንድ ጫፏ የሞተሩ ማጥፊያ ላይ ይሰካል፤ ሌላው ከነጂው እጅ ወይም ላይፍ ጃኬት ጋር ይታሰራል። ነጂው ሲወድቅ ገመዷ ትነቀላለች፤ ሞተሩ ይጠፋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ከ26 ጫማ በታች ባሉ የሞተር ጀልባዎች ላይ ነጂው ይህችን ገመድ እንዲጠቀም ደነገገች። ጀልባ ላይ ስትሳፈሩ የነጂውን እጅ እዩ። ገመዷ መሪው ላይ ተንጠልጥላ ከሆነ አለች ማለት አይደለም።

እንግዲህ ማጥፊያ ሦስት ዓይነት ሆነ። አንደኛው ሰው ሲነካው ይሠራል፤ የደረጃዋ ቀይ ቁልፍ። ሁለተኛው ራሱ አይቶ ይቆርጣል፤ የዳልዚል መሣሪያ። ሦስተኛው ሰው ሲጎድል ያቆማል፤ የጀልባዋ ገመድ። ሦስተኛውን የኤሌክትሪክ ባቡር ነጂዎች ቀድመው ያውቁታል፦ ነጂው መቆጣጠሪያውን በእጁ ወይም በእግሩ ተጭኖ ካልያዘው ባቡሩ ራሱ ፍሬን ይይዛል። አውሮፕላን ነዳጅ ሲሞላም ሠራተኛው በእጁ የጨበጠውን ሲለቅ ነዳጁ የሚቆምበት አሠራር አለ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ-ምዕራብ መስመር በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላና በመገናኛ ማለፍ ሲጀምር፣ «ወራጅ አለ» የማይሠራበት የሰፈሩ ተሽከርካሪ ሆነ። ታክሲ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለው ነበር።

በእኛ ከተማ ግን አራተኛ ማጥፊያ አለ፤ ማንም ያልገዛው፦ «መብራት ሄደ»። ሁሉንም ሞተር ባንድ ጊዜ ያቆማል። አደጋው ያለው ሲመለስ ነው። ገርጂ አካባቢ ባሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ መጋዙ እየሠራ መብራት ሄደ እንበል። ልጁ የተጣበቀውን ቁራጭ ለማውጣት እጁን ይሰዳል፤ መብራት ይመጣል። ማብሪያው ተራ ከሆነ መጋዙ በዚያችው ቅጽበት ይነሳል። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ለዚህ ኮንታክተር የሚሉትን ያስገባሉ፤ መብራት ሲሄድ ይለቃል፤ ሲመጣ ሰው ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። ዋጋው ከአንድ ጣት ጋር አይወዳደርም።

ትልልቁ ሕንፃ ደግሞ የባሰ ተንኮል አለው። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ በራሱ ይነሳል። ገንዳው ውስጥ ሰው ተይዟል ብሎ የደነገጠ ሠራተኛ ሮጦ የመንግሥትን መብራት ዋና ብሬከር ቢያወርድ፣ ሕንፃው «መብራት ሄደ» ብሎ ይረዳውና ጄኔሬተሩን ያስነሳል፤ ፓምፑም ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ የአደጋው ማጥፊያ መቀመጥ ያለበት መብራቱና ጄኔሬተሩ ከሚቀያየሩበት ወዲህ፣ በፓምፑ በራሱ መስመር ላይ ነው። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ ተገልብጦ ቢሰቀል ይህችን ነገር ላያስተውላት ይችላል፤ መብራት ጠፍቶበት የሚያውቅ የእኛ ባለሙያ ግን ያውቃታል።

ሕግ የለንም አይባልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና ስለ ሥራው አደጋ የማሳወቅ ግዴታ ጥሎበታል። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በመደዳ በተቀመጡት ማሽኖች መሀል የምትሠራ ወጣት ይህ ይመለከታታል። ማሳወቅ ሲባል ግን ወረቀት አስፈርሞ ማስቀመጥ ከሆነ ቀይዋ ቁልፍ እንደ ገበያ ሕንፃዋ ቁልፍ ናት፤ አለች፤ የሚያያት የለም። አዲስ ሠራተኛ በገባበት ቀን በገዛ እጁ አንዴ ተጭኗት፣ ማሽኑ ሲቆም ሰምቶ፣ እንዴት እንደምትመለስ አይቶ ቢጀምር ይሻላል። ለመዋኛ ገንዳም እንዲሁ። ልጆች ይዞ የሄደ ወላጅ ስለ ውኃው ሙቀት ከመጠየቁ በፊት «ማጥፊያው የት ነው?» ቢል፣ ክዳኑን ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ የሴት ልጁን ፀጉር ቢያስር ማንም አይስቅበትም። ቢስቅም ይሳቅ።

ከወር በኋላ ወደዚያ የገበያ ሕንፃ ተመለስኩ። ከተንቀሳቃሹ ደረጃ ግርጌ አንድ የአበባ ማሰሮ ተቀምጧል፤ ያማረ ነው፤ ቀይዋን ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍኗታል። ጎንበስ ብዬ ማሰሮውን ወደ ጎን ስገፋ ያው የዚያን ቀኑ የጥበቃ ሠራተኛ እየተንደረደረ መጣ።

«ጋሼ፣ ይተዉ! እሷን እንዳይነኩ፤ ደረጃው ይቆማል!»

ደስ አለኝ። ያን ቅዳሜ ይህን አያውቅም ነበር። ማሰሮውን ሁለታችን ተጋግዘን ከመንገዷ አነሳንላት።